አውሮፕላኗም ጣሪያ አላት

ከሚዛን ተፈሪ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው ይባል ነበር። በመኪና ግን፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ሁለት ቀን፤ ዝናብ ከያዘው ደግሞ እግዜር ይወቀው። እኛ ቤት ይህን ልዩነት የተማርነው በወንድሜ ሕይወት ነው።

በቡና ለቀማ ወራት ወንድሜና የጎረቤታችን ልጅ በድንበር ተጣሉ። ድንበር ስል፣ አንድ ረድፍ ቡና ነው እኮ! ገጀራ ተማዘዙ። ወንድሜ ሆዱን ተመታ፤ የዚያኛው ትከሻ አጥንቱ እስኪታይ ተከፈተ። የጤና ጣቢያው ነርስ ሁለቱንም በፋሻ ጠቅልሎ፣ አዲስ አበባ ካልደረሱ ተስፋ የላቸውም አለን። ደግነቱ የዚያን ቀን አውሮፕላን ትመጣ ነበር።

ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች አባረን ጠበቅናት። አረፈች። አብራሪው ለሁለቱም ቦታ አለ አለ። ይሄኔ አጎቴ በሩ ላይ ተገተረ። በእኛ አገር ደም የተቃባ ሰው እርቅ ሳይወርድ ከባላንጣው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይገባም።

የሰፈራችን ሽማግሌ ሊያግባቡ ሞከሩ። ጣሪያ የሚባለው ምሰሶው መሬት የያዘ ነው፣ ይቺ በራሪ ናት፣ ዝም ብላችሁ አስገቧቸው አሉ።

«አባባ፣ አሁን የቆመችው በምኗ ነው ታዲያ?» አለ አጎቴ።

የኛ ወገን የኛ ብቻ ይሂድ አለ፤ የእነሱም እንደዚያው። ክርክሩ ወደ ግፊያ ዞረ፣ ግፊያው ወደ ዱላ። አጎቴ ድንጋይ አነሳ፤ ከዚያ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ዘነበ። ሽማግሌው አፋቸውን ተመትተው ደም እየተፉ ተቀመጡ። አንዱ ድንጋይ ክንፏ አጠገብ ሲወድቅ አብራሪው በሩን ዘጋ። ሁለቱ ቁስለኞች ሣር ላይ እንደተጋደሙ ጥላን በረረች።

ከዚያ የተገኘው ቡና የጫነ አይሱዙ ነበር። ላዩ ክፍት ነውና፣ ጣሪያ የለውም ተባለና፣ ሁለቱንም ጆንያው ላይ ጎን ለጎን አስተኛናቸው። ማንም አልተቃወመም፤ እኔና አጎቴ፣ የሁለቱም እናቶች አብረን ተሳፈርን። መኪናው በዘለለ ቁጥር ወንድሜ ይጮኻል፤ እኔ ፋሻውን በሁለት እጄ ጫን አድርጌ ይዣለሁ፣ ደሙ በጣቶቼ መካከል ይወጣል። ቦንጋን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ ጩኸቱን አቆመ። መጀመሪያ ተኛ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አጎቴ ገጀራውን መዘዘ። የዚያኛው እናት ልጇ ላይ ተደፋች። እናቴ እጇን ከወንድሜ ፊት ሳታነሳ፣

«ሜዳው ላይ መጀመሪያ ድንጋይ የወረወርከው አንተ ነህ። ምታ እንግዲህ፣ አሁንም ምታ» አለችው።

መታ። ገጀራው ከሴትዮዋ ጀርባ አጠገብ ጆንያውን ቀደደው፤ ቡናው በሬሳውም በቁስለኛውም ላይ ፈሰሰ። ደግሞ አላነሳውም።

ሹፌሩ አቆመ። እኛ ሬሳችንን አውርደን የመልስ መኪና ልንጠብቅ መንገድ ዳር ቀረን። እነሱ ቀጠሉ። ልጁ ጅማ ላይ ተሰፋ፣ ዳነ።