አርባ አንድ ስግደት

በ2016 ዓ.ም. በጋው ሊወጣ ሲል፣ ጥሊሊ ገበያ ድንቼን እንደዘረጋሁ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ዳንግላ፣ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዐሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፤ በጎናችን ካልሆነ አንተኛም።

የሚፈልጉት አንድ ፊርማ ነው። ጎረቤቴ ለታጣቂዎች ስንቅ ስታቀብል አይቻለሁ የሚል ወረቀት። አላየሁም። የስቅለት ዕለት ጠዋት መርማሪው፣ "እናቴ፣ እስከ ነገ ያስቡበት። ይፈርሙና ፋሲካን ከልጆችዎ ጋር ይዋሉ" አለኝ። ትንሿ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። እፈርም ይሆን ብዬ ራሴን ፈራሁት።

ልስገድ አልኩ፤ ቢያንስ አርባ አንድ። ጉልበቴ ግን ካበጠ ሰንብቷል፤ ስለ ምክንያቱ አልጽፍም። መቁጠሪያዬንም ስገባ ወስደውታል።

ሴቶቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዲት የዘንገና ገበሬ በአውኛ ትቆጥርልኝ ጀመር። ዐሥራ ሁለት ላይ ወደቅሁ። ኮሌጅ ስፖርት የምትማር የእንጅባራ ልጅ አጠገቤ ተንበረከከች።

"እትዬ፣ ሲነሡ ትንፋሽዎን አይያዙት፤ ያውጡት። ክብደቱን ለእጅዎ ይስጡት።"

"ስግደት ነው እንጂ ሩጫ ነው እንዴ?"

"ሳንባው ያው አንድ ነው።"

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሃያን አለፍኩ። ልጅቷ "አይዞዎት፣ ዐሥራ አምስት ቀረ!" ስትል ቆጣሪዋ ጮኸችባት።

"አንቺ! በአማርኛሽ የኔን ቁጥር አጠፋሽብኝ! አሁን ከየት ልቀጥል?"

"ከአንድ" አለች አንዷ ከጥግ።

"ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!"

ሁላችንም ሳቅን። ከሃያ ቀጠልን፤ ስድስት ያህሉ ምርቃት ሆነ።

ሠላሳ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ጠባቂዋ ፖሊስ በሩን ከፈተች፣ አየችን፣ ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። እሷንም አመሰግናታለሁ። ከአርባ አንደኛው ስነሣ የደገፈኝ ሰው አልነበረም። በሕማማት መሳሳም የለምና፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ትከሻዬን ዳሰሱኝ።

ዛሬ ጎረቤቴን በየቀኑ አገኛታለሁ፤ ነግሬያት አላውቅም። ጉልበቴ ክረምት ሲገባ ያመኛል። ስሰግድ ትንፋሼን ልጅቷ እንዳሳየችኝ አወጣለሁ፤ አሥሩንም ሴቶች በጸሎቴ አነሣቸዋለሁ። እግዚአብሔር ከዚያ ቤት ባዶ እጄን አላወጣኝም።

ያኔ፣ በስቅለት ማግስት ጠዋት፣ ስሜ ተጠራ። ልጅቷ ክንዷን ዘረጋችልኝ፤ "ተዪው፣ የኔ ልጅ" አልኳት። ራሴ ተነሥቼ ሄድኩ። ወረቀቱን ከመርማሪው ተቀበልኩ፤ ሳልፈርም፣ በሁለት እጄ መለስኩለት።