ቁሐር ድረስ ለአንዲት መኪና

ዘመኑ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ኅዳር። ጾመ ነቢያት ከገባ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ክረምቱ አልፎ ሜዳው የደረቀበት ጊዜ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የወረድኩት አንዲት ያገለገለች መኪና ለማየት ነበር። ሰባት ሰው የምትይዝ፣ ከመሬት ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪና ናት ተባልን። እኛ ስድስት ነን። ከማኅሌት ተሽከርካሪ ወንበር ጋር ሰባት።

ማኅሌት ሦስተኛ ልጄ ናት፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ አይሸከሟትም። በየወሩ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን። ባለፈው ወር ሦስት ሚኒባስ ወንበሩን አይቶ አልጭንም ስላለን ቀጠሮው አለፈ። ሐኪሙ በስልክ እንደነገረኝ ሕክምናው ከተቋረጠ እየተፍታታ የነበረው ጅማቷ ተመልሶ ይታሰራል። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ ቤት ልንሠራበት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለመኪና እናድርገው አለ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ሌላ የለንም፤ ብንሳሳት የምንሳሳተው አንዴ ብቻ ነው።

አብሮኝ የሄደው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አዱኛ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ መኪና ያውቃል ብለን ነው። ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ቀረ።

ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። የጉና ብርድ ገና አልለቀቀንም ነበር፤ ሁሉም እስከ አፍንጫው ተሸፍኗል። ከተማውን ለቀን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹፌሩ ፍሬኑን እየያዘ እየለቀቀ ይወርዳል። ሌላ ጊዜ በዚህ መንገድ ስሄድ እጸልያለሁ ወይም እተኛለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከሹፌሩ እግር ላይ አልነሣ አለ። የምንገዛት መኪና ልጆቼን ይዛ የምትወርደው ይህንኑ ቁልቁለት ነው።

ዓለም በርን ካለፍን በኋላ መሬቱ ተዘረጋ፤ ብርዱም ቀረ። ወረታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። መገንጠያው አጠገብ ካሉት የሩዝ መፈልፈያዎች ገለባው እንደ ኮረብታ ተቆልሏል፤ ንፋስ ሲነሣ ዓይን ይገባል። ቅዳሜ ነውና ቁርስ አይከለከልም፤ ሩዝና ጤፍ ከተቀላቀለበት እንጀራ የተሠራ የጾም ፍርፍር በሻይ በላን። ለሁለታችን መቶ ሃያ ብር ከፈልኩ። አዱኛ እስኪጠግብ በላ። እኔ አልወረደልኝም።

ደላላው ጥጋቡ እዚያው መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ ከጎንደር አንድ ነጋዴ ያችኑ መኪና ሊያይ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚመጣ ነገረን። ዋጋዋ አዱኛ ከጠየቃቸው መኪኖች ሁሉ በሁለት መቶ ሺህ ብር ያንሳል። ለምን እንዳነሰ ስጠይቀው ባለቤቱ ገበሬ ናቸው፣ የከተማ ዋጋ አያውቁም አለኝ።

ወደ ቁሐር ሚካኤል

መኪናዋ ወዳለችበት ቁሐር በባጃጅ ገባን። መንገዱ ከማሳው ከፍ ብሎ የተሠራ የአፈር መንገድ ነው። በግራም በቀኝም ሩዙ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ አጨዳው ቀደም ብሎ ባለቀበት ማሳ ላይ ጓያው ብቅ ብሏል። ቅዳሜ ስለሆነ ማጭድ የያዘ ሰው አይታይም። ቀንዳቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ሰፊ የፎገራ ላሞች ብቻ በየቦዩ ዳር ይግጣሉ።

በየቤቱ የጭቃ ግድግዳ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ቡናማ መስመር አየሁ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ጥጋቡ የነሐሴ ውኃ የደረሰበት ነው አለ። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ባሕር ሆኖ ነበር። ስደነግጥ አየኝና ቶሎ ብሎ ጨመረ።

«የባለመኪናው የአያ ሞላ ግቢ ጉብታ ላይ ነው፣ እትዬ። ውኃ ደጃፋቸውን አይቶት አያውቅም።»

እውነቱን ነበር። ግቢው ጉብታ ላይ ነው፤ ግድግዳውም ንጹሕ ነው። አያ ሞላ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢ የለበሱ፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በሩዝ ያገኙትን አጠራቅመው ነው መኪናዋን የገዙት። ሰላምታ ሰጡንና ወደ ዛፉ ጥላ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጥጋቡ ብቻ ሆነ።

መኪናዋ ብርማ ናት። ታጥባ ታበራለች። እውነት ለመናገር ገና ሳያት ማኅሌትን ተቀምጣባት አየኋት። አዱኛ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘይቱን በጣቱ ፈተነ፣ ከሥር ተኝቶ አየ፣ ሊብሬውን ከቁጥሯ ጋር አመሳከረ። ፊቱ እየፈካ ሄደ። እኔ የኋላውን በር ስከፍት ግን ሽታ መታኝ፤ ለብዙ ጊዜ የታፈነ እርጥብ ልብስ የሚሸተው ዓይነት። ምንጣፉን በእጄ ስዳስሰው ጥጉ ላይ ገና ይቀዘቅዛል።

«ጠበል ነው፣ እትዬ» አለ ጥጋቡ። «ከጣራ ገዳም በጄሪካን ሲያመጡ ተደፍቶባቸው ነው። ታጥቦ እንኳ አልወጣም።»

ለማኅሌት ጠበል በጄሪካን ስመላለስ ዓመታት ሆኖኛል። የእኔም ተደፍቶብኝ ያውቃል። አመንኩት። እርጥቡን ምንጣፍ በጣቶቼ ነካሁና ግንባሬን አማተብኩ። እንዲያውም ምልክት ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። ቀና ስል አያ ሞላ ከጥላው ሥር ያዩኝ ነበር። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ።

አምስት ሰዓት፣ ሙከራ

አዱኛ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ ጥጋቡ ከኋላ። አያ ሞላ ቤት ቀሩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከጫፉ ወዲያ ቦይ አለ። የውኃ ማሳለፊያው ድልድይ ላይ ስንደርስ ከመሪው ፊት ያሉት መብራቶች ሁሉ በአንዴ በሩ፤ ሞተሩም ጠፋ። አዱኛ በሁለት እጁ መሪውን ይዞ፣ ፍሬኑን በኃይል ረግጦ ከጫፉ አንድ ክንድ ሲቀረን አቆማት። ከዚያ ጥጋቡ የባትሪ ሽቦ ላልቶ ነው ሲል ሰማሁ። አዱኛ ወርዶ ሽቦውን ነካካው፤ ተነሣች።

«ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑስ?» አልኩት።

«ይጠነክራል፣ እታለም። ግን ይይዛል» አለኝ፤ ሲናገር አላየኝም።

ስንመለስ ጥጋቡ የውል ወረቀት አወጣ። ስልኩ ጮኸ፤ አነጋገረና የጎንደሩ ነጋዴ አዲስ ዘመን ደርሷል አለን። አዱኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሽቦዋን በአንድ ቀን አስጠግናታለሁ፣ በዚህ ዋጋ ሌላ አናገኝም አለ። እኔም የሚቀጥለውን ማክሰኞ አሰብኩ፤ የማኅሌት ቀጠሮ ነው። እሺ ልል ነበር።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልይ አልኳቸው። ማኅሌት ስትቀመጥ በግራና በቀኟ ትራስ ያስፈልጋታል፤ የደህንነት ቀበቶው እሷንም ትራሱንም መያዝ አለበት። ቤት ሳለሁ ከነትራሷ በክር ለክቻት መጥቻለሁ። የኋለኛው ወንበር ላይ ወጥቼ ቀበቶውን መጎተት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ መኪና ነው የምንገዛው ወይስ ሙሽራ?» አለ ጥጋቡ። አዱኛም ሳቀ።

«ሙሽራማ ሽማግሌ ይጠይቅላታል» አልኩና መጎተቴን ቀጠልኩ።

ቀበቶው ጥቁርና ንጹሕ ነበር። ከክሬ ርዝመት ጋር ላመሳክረው እስከ መጨረሻው ሳብኩት። አንድ ቦታ ላይ ያዘኝ፤ ጠበቅ አድርጌ ስስበው ተለቀቀ። ሁልጊዜ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖረው፣ ማንም አውጥቶ የማያጥበው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ወጣ። ጉልበቴ ላይ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ረገፈ፤ የደረቀ ሣርም አብሮት ነበር። በየግድግዳው ላይ ያየሁት ቀለም ነው።

«ጠበል ደለል አይጥልም» አልኩት ጥጋቡን።

የመንገድ አቧራ ነው አለኝ። ወርጄ ወደ ዛፉ ሄድኩ።

አባቴ በሬ ነጋዴ ነበር። በሬ ሲሸጥ ገዢው ነውሩን ንገረኝ ካለ ሻጩ አይደብቅም፤ ይዋጋል፣ ይተኛል፣ ያነክሳል ብሎ ይናገራል። ተጠይቆ ከደበቀ ሽማግሌ ተቀምጦ በሬው ይመለስበታል። መኪና ላይ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም። ሌላ የማውቀው ጥያቄ አልነበረኝም።

«አያ ሞላ፣ ነውሯን ይንገሩኝ።»

ጥጋቡ ከኋላዬ ደርሶ ሳቀ። ነውር የሚጠየቀው በሬ ነው፣ ይህ ብረት ነው እያለ ወረቀቱን ዘረጋ። አያ ሞላ ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንተ ዝም በል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ነሐሴ ላይ ከወረታ ስመለስ ውኃ መንገድ ላይ ዘጋኝ። ጥያት በታንኳ ገባሁ። ሁለት ቀን እስከ መቀመጫዋ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ወስዶ ያሳጠባት ይህ ልጅ ነው። መኪና እንደ ከብት አይደለም፣ ካልጠየቁህ አትናገር አለኝ። እኔም አልተጠየቅሁም ብዬ ዝም አልኩ።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ጎርፍ በእጅሽ ነክተሽ ስታማትቢ አየሁሽ። አይቼም ዝም አልኩ። ከመኪናዋ ይልቅ እሱ ከበደኝ። ይቅር በይኝ።»

ግንባሬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ለምን እንደጠረግሁ አላውቅም፤ ደርቋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አልኳቸው።

አዱኛ ሄዶ ምንጣፉን በቁልፍ ፈልቅቆ አነሣው። ከሥሩ የሚያልፉት ሽቦዎች አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«እታለም፣ ያን ቁልቁለት ስንወርድ ብትጠፋብን…» አለና ተወው።

ጥጋቡ ዋጋ ሊያስቀንስልኝ ጀመረ። አያ ሞላም ያልሽውን ስጪኝ አሉ። በነጻም ቢሆን ልጄን አላሳፍርባትም አልኩ። ልጅሽ ምን ሆና ነው ሲሉኝ ስለ ማኅሌት ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ለሚመጣውም ሰው ይንገሩት፣ ባይጠይቅም።

«እነግረዋለሁ። ሚካኤል ምስክሬ ነው» አሉ።

ሳንበላ አልለቀቁንም። ሽሮ ቀረበ፤ ጥጋቡ ግን አልተቀመጠም፤ ስልኩን ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ። በዚያ ቀን የምግብ ጣዕም የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

መመለስ

ወረታ መገንጠያው ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። አዱኛ አፍሯል፤ ሹፌር ሆኜ አንቺ በክር ያገኘሽውን አጣሁት አለኝ። ድልድዩ ላይ ያዳነን የአንተ እግር ነው አልኩት፤ እውነትም ነው። ሽቅቡን ስንወጣ እኔ አመሰገንኩ። ያላጣሁትን ቆጠርኩ፤ ልጆቼን ሁሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስን። ባለቤቴ በስልክ ሰምቷልና እንኳን በሰላም መጣሽ ብቻ አለ። ማኅሌት ደጃፍ ላይ ወንበሯ ላይ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። መኪናዋ የእኛ እንዳልሆነች ነገርኳት። ማክሰኞ እንዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ወንበሯን ወደ ውስጥ ገፋሁላት።

ተኝቼ ግን አያ ሞላ ያሉትን አሰብኩ። አልተጠየቅሁም ብዬ ዝም አልኩ። ይህ የእኔም ልማድ ነበር። መናኸሪያ ስንሄድ ማኅሌትን አዝዬ ቀድሜ እገባለሁ፤ ወንበሩን ከሱቅ ጀርባ አስቀምጬ ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል አስመጣዋለሁ። ሹፌሩ ይቆጣል፣ ተሳፋሪ ያጉረመርማል፣ እንወርዳለን። እነሱን ጨካኝ እል ነበር እንጂ እኔ እንደደበቅሁባቸው አላሰብኩም። ቁሐር ድረስ ሄጄ የተማርኩት ይህን ነው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ባዶውን ወንበር እየገፋሁ መናኸሪያ ገባሁ። ሁሉ እንዲያየው መሐል ላይ አቆምኩት። ለመጀመሪያው ሹፌር ማክሰኞ የማትራመድ ልጅ ይዤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ ይህም አብሮን ይሄዳል አልኩት። አልችልም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ወዳለው ሄጄ ያንኑ ደገምኩ። ሰውየው ወንበሩን ዞሮ አየው።

«ይታጠፋል?» አለኝ።

«ይታጠፋል።»

ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። «እስቲ አሳዪኝ» አለ።

አጠፍኩለት።