አራት ጣት አየር

ጸጉር ቆራጩ ሥራ መሐል መቀሱን አየር ላይ ያቆማል። ደንበኛው አንገቱን እንደደፋ፣ ማበጠሪያው ጸጉሩ ውስጥ እንደተሰካ፣ የመቀሱ ድምፅ ድንገት ጸጥ ይላል። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ ያየ ሰው የጸጉር ቆራጩን ዓይኖች ከግድግዳው ጥግ፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ላይ ተተክለው ያገኛቸዋል። ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ አንድ ጭንቅ እንዳለፈለት ሰው በረጅሙ ይተነፍስና መቀሱ ወሬውን ይቀጥላል።

«ምን እያየህ ነው?» ይሉታል አዲሶቹ ደንበኞች።

«ምንም። ቀና በሉልኝ እስቲ።»

እውነቱን ነው፤ በዚያ ጥግ ምንም የለም። እሱ የሚያየው ነገር ያለው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ጸጉር ቤት ውስጥ ነው።

በዚያኛው ቤት ስሙ ሙሽራው ነው። ገና ጢሙን ሳይላጭ የሰው ጢም ሊላጭ ተቀጥሮ ገባ፣ የባለቤቱን ልጅ አገባ፣ እዚያው ቀረ። ሰርጉ ተረስቶ፣ የራሱ ጸጉር ሸበት ጣል ጣል አድርጎበት እንኳ ሙሽራው መባሉ አልቀረም። «ይኼ ሙሽርነት መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉታል ቀልደኞቹ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

አማቱን ሰዉ ሁሉ ጋሼ ምላጭ ይላቸዋል። ምላጭ ሲይዙ እጃቸው ስለማይንቀጠቀጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሳቸውን አይቶ ነው የሚሉም አሉ። አሁን ሥራ ትተው የቤቱን ቁልፎች ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ ሥር ካለች ወንበር ላይ ይውላሉ። ሙሽራውና ሚስቱ የሚኖሩት ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ክፍሏ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የላትም። ዳቦ ለመግዛትም ሆነ ፀሐይ ለመሞቅ፣ በደንበኞቹ መሐል አልፎ፣ በመስታወቶቹ ፊት አልፎ፣ የጋሼ ምላጭን ጉልበት ተሻግሮ ነው የሚወጣው።

«ወዴት ነው ሙሽራው?»

«እዚህ ነኝ አባባ። መጣሁ።»

ገና ሳይወጣ «መጣሁ» ማለት ለምዶ ነበር።

ከግድግዳው ጥግ አንድ የዓሣ ገንዳ አለ። ጋሼ ምላጭ ሲቆጡ ብርቱካንማዎቹን ትንንሽ ዓሦች እያዩ ይበርዱ ነበር። አንድ ቀን ቤት ሊቀይር የተነሣ ደንበኛ ባልዲ ተሸክሞ መጣ። ባልዲው ውስጥ ግማሽ ክንድ የሚያህል፣ ጭንቅላቱ የተደፈጠጠ፣ ቡናማ ዓሣ ተጋድሟል። «ጨዋ ነው፤ የዳቦ ፍርፋሪ ይበላል፤ ከዚህ በላይም አያድግም» አለና አስረክቦ ሄደ። ስሙን እንኳ አልነገራቸውም።

ሳምንት ሳይሞላ ብርቱካንማዎቹ በቁጥር መመናመን ጀመሩ።

«ሙሽራው፣ ዓሦቼ የት ሄዱ?»

«ከድንጋዩ ኋላ ተደብቀው ይሆናል አባባ።»

«ዓሣ ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው? አንተ ሳታበላቸው ቀርተህ ነው!»

ነፃ ያወጣው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ፤ «ኧረ ጉድ! ኑ እዩ፣ ጅራት እያጨሰ ነው!» እውነትም ከአዲሱ ዓሣ አፍ ጥግ አንዲት ብርቱካንማ ጅራት እንደ ሲጋራ ብቅ ብላለች። ሁሉም እያያት ገባች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጸጉር ቤቱ ሸንጎ ሆነ።

«አምባዛ ነው» አለ ሹፌሩ።

«አምባዛማ ጢም አለው» አለ አንዱ ደንበኛ።

«እና የት መጥቶ መሰለህ? ጸጉር ቤት አይደል እንዴ! ተላጭቶ ነው።»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ በሳቅ እንባውን እየጠረገ፣ «እኔ ግን ዓሣ መሆኑንም እንጃ። ጭንቅላቱን እዩት፣ እባብ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማችሁም?» አለ።

«ምንም ይሁን ምን የኔ ነው» አሉ ጋሼ ምላጭ፣ ክርክሩም በዚህ ተዘጋ።

ሙሽራው ግን ዝም ብሎ ያይ ነበር። የሰው አናት ሲያይ የኖረ ዓይን ዝርዝር አያመልጠውም። በዓሣው ጭንቅላት ላይ ትልልቅ ቅርፊቶች እንደ ጣሪያ ክዳን ተደርድረዋል። የጀርባው ክንፍ ከማጅራቱ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ድረስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ወርዷል። አፉ ከዓይኑ አልፎ ይሰነጠቃል። የዳቦ ፍርፋሪ ቢሰጡት ዘወር ብሎም አያይም፤ ሙሽራው የዓሣ ሥጋ በቀጭኑ እየቆረጠ፣ በወረንጦ ይዞ ውሃው ውስጥ ሲያወዛውዝለት ግን እንደ ጥይት ተወርውሮ ይነጥቃል። ከሌላ ሰው እጅ እምቢ አለ። ጋሼ ምላጭ ራሳቸው ሞክረው ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

ከሁሉ የገረመው ሌላ ነው። ዓሣው ከገንዳው ሣር መሐል እንደ ግንድ ቆሞ ይቆይና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አፍንጫውን ከውሃው ብቅ አድርጎ አንዲት ጉርሻ አየር ይጎርሳል፤ «ቧ» ይላል፤ ይወርዳል። ሙሽራው ይህችን ድምፅ መጠበቅ ጀመረ። ዓሣው ሲነሣ መቀሱ ይቆማል፣ ትንፋሹ ይያዛል፤ «ቧ» ስትል እሱም ይተነፍሳል። ከዚያ ቤት «ወዴት ነው?» ሳይባል ወጥቶ የሚመለሰው ዓሣው ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አብሮት ሙያውን የተማረ ጓደኛው፣ ቀጭኑ የሚሉት፣ በሌላ ሰፈር ቤት አገኘ።

«ሁለት ወንበር ነው። አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንተ። እስከ ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው አስገባለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።»

ለሚስቱ ነገራት። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ የፎጣ ጫፍ እየዘመዘመች ሰማችውና «በል ንገራቸው» አለችው።

«አባትሽ አይደሉ? አንቺ ብትነግሪያቸውስ?»

«እኔ ከነገርኩልህ እዚያም ሄደህ የምትቀመጠው እኔ ባስቀመጥኩህ ወንበር ላይ ነው። ራስህ ንገራቸው።»

ጠዋት ጠዋት ቃሉን እያዘጋጀ ወጣ።

«አባባ...»

«አቤት ሙሽራው።»

«ፎጣው... ፎጣው ታጥቧል ልልዎት ነው።»

«ጎሽ።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ ይመለሳል። ቃሉ ግን ሆድ ውስጥ የሚፈጅ ዓይነት አልነበረም፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል።

ሐሙስ ዕለት ዓሣው ዘለለ። ገንዳው ላይ የተጋደመችውን ሳንቃ ገፍቶ፣ አየር ላይ ታጥፎ፣ ፊቱ በአረፋ ከተሸፈነ የሒሳብ መምህር ጭን ላይ ዱብ አለ። መምህሩ ወንበር ላይ ቆመ፤ ሹፌሩ «አሁን ደግሞ ተራ ሳይጠብቅ ገባ!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው፤ ሙሽራው ዓሣውን በፎጣ ጠቅልሎ መለሰ። ያልሳቁት ጋሼ ምላጭ ብቻ ናቸው። ዕለቱን በገንዳው ልክ ወፍራም የመስታወት ክዳን አስቆረጡ፤ ውሃውን እስከ አፉ አስሞሉ፤ ክዳኑን ገጥመው ከላዩ ላይ የፎጣ ማሞቂያውን ብረት አስቀመጡ።

«አሁን እስቲ ይዝለል» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ሙሽራው «ቧ» የምትለውን ድምፅ ጠብቆ አጣት። በምትኩ «ጠቅ» የሚል ሰማ። ዓሣው ከታች እየተነሣ አፍንጫውን ከክዳኑ ጋር ያጋጫል። ከገንዳው የአየር ቱቦ ወጥታ መስታወቱ ሥር የተጠራቀመችውን አረፋ ሊልስ አፉን ይከፍታል፤ አይደርስለትም፤ ይወርዳል። ጠቅ። እንደገና ጠቅ።

«አባባ፣ ይኼ ዓሣ የሆነ ነገር ሆኗል።»

«ተናዶ ነው። ይለምዳል» አሉ ጋሼ ምላጭ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ። ገጹን ገለጡ። «ማን ሳይለምድ ቀርቶ።»

ይህ ነገር ለማን እንደተባለ ሙሽራው አልጠፋውም።

ከሰዓት በኋላ የዓሣው ቡናማ ገርጥቶ አመድ መሰለ። ሙሽራው በስልኩ ፎቶ አነሣውና ሽርጡን ፈታ።

«ወዴት ነው ሙሽራው?»

«መጣሁ አባባ።»

ከገበያው ጀርባ የቤት ዓሣ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሱቋ ሞቃት፣ ጨለም ያለ፣ ግድግዳው ሁሉ በገንዳ የተሞላ። ፎቶውን ዓይኗ ሥር አድርጋ አየችው።

«ራሱ ላይ ቅርፊት አለው?»

«አለው፣ ትልልቅ።»

«የጀርባው ክንፍስ?»

«ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ።»

«እየወጣ አየር ይጎርሳል?»

«ይጎርስ ነበር። ከትናንት ወዲህ ከድነንበታል።»

መረቧን አስቀመጠች። «እባብ ራስ ይሉታል። አዳኝ ነው፤ ብቻውን እንጂ ከሌላ ጋር አይኖርም። መክደናችሁስ ደግ፣ ዘላይ ነው። ግን ከክዳኑ ሥር ምን ያህል ተዋችሁለት?»

«ምን?»

«አየር ነዋ!»

«እስከ አፉ ነው የሞላነው።»

«ወንድሜ፣ ይሰምጣል!»

«ዓሣ?»

«አዎ ዓሣ! ይኼኛው ትንፋሹ እንዳንተና እንደኔ ነው። አራት ጣት አየር ካጣ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ምን ይገትርሃል፣ ሩጥ እንጂ!»

ሮጠ። የጸጉር ቤት ነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ፣ ሰው እየገፋ፣ ይቅርታ እያለ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ይህን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቀን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ቀልድ ነው ብሎ ይስቅ የነበረው ሰው፣ አሁን የገዛ ደረቱ እያቃጠለው በሙሉ ልቡ አመነው።

«የት ነበርክ ሙሽራው?»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆም የጋሼ ምላጭን ጉልበት እንደ ደፍ ተራምዶ አለፈ። የፎጣ ማሞቂያውን አውርዶ ወለሉ ላይ አኖረ፤ ክዳኑን አነሣ፤ በአረፋ መበጥበጫው ሳህን ውሃውን እየዘገነ ደፋ። ዓሣው በጎኑ ተጋድሟል፤ አይነሣም። ሙሽራው እስከ ክርኑ ገብቶ በሁለት እጁ አቀፈው፤ አፉን ከውሃው በላይ ያዘለት።

ሳይላጭ ትቶት የሄደው ሹፌር ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ቆሟል። የሙሽራው ሚስት የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች።

«ቧ።»

ወዲያው ዓሣው የሙሽራውን ጠቋሚ ጣት ግጥም አድርጎ ነከሰውና አምልጦ ወረደ።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉ ጋሼ ምላጭ።

«ሊሞት ነበር አባባ። አየር ካላገኘ ይሰምጣል።»

«ቱቦው ይንቦቀቦቅ የለም እንዴ?»

«የቱቦው አይበቃውም፤ ራሱ ወጥቶ መጎረስ አለበት። ከሰኞ ጀምሮ እኔም ሌላ ቤት ነው የምሠራው።»

ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው ወጡ፤ እሱም እንደሌሎቹ ሰማቸው። ከጣቱ ደም እየተንጠባጠበ ነበር። ሚስቱ መጋረጃውን ለቀቀችና ያን ሲዘመዘም የከረመ ፎጣ አምጥታ እጁን ጠቀለለችለት፤ አባቷን አላየችም።

ጋሼ ምላጭ ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ቁልፎቻቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ማታስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማታ እመጣለሁ። ቤቴ እዚህ አይደል።»

«ከሌላ ሰው እጅ አይበላም።»

«እኔ አበላዋለሁ።»

«አንድ ማታ ከቀረህ እስከ አፉ ነው የምሞላው።»

ቀልድ ይሁን ቁምነገር ከፊታቸው ማንበብ የቻለ የለም።

አሁን በአዲሱ ቤት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቀሱ ይቆማል። «ደግሞ ቆመ! ተው እንጂ፣ የሰውየው ጆሮ ውስጥ ነህ እኮ!» ይላል ቀጭኑ ከጎን። ሙሽራው ይተነፍሳል፣ ይጨርሳል፣ የደንበኛውን አንገት ያራግፋል። እዚህ በስሙ ነው የሚጠራው፤ አንዳንዴ ግን ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለውና ሳይዞር ይቀራል። ሽርጡን አጥፎ፣ ከትንሿ ማቀዝቀዣ በላስቲክ የተጠቀለለ የዓሣ ሥጋ ያወጣል።

«አትቆይም? አንድ ሻይ እንኳ?»

«ይጠብቀኛል።»

«ማን? ዓሣው ወይስ ሽማግሌው?»

ሙሽራው ይስቃል። ከበሩ ላይ ቆሞ እጁን ያነሣል፤ አራት ጣት፣ ጠቋሚው ላይ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ። ከዚያ ይሄዳል። መንገዱ መታጠፊያው ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጥታው ወዲያው ያደርሳል፣ የግራው ወንዙን ዞሮ፣ በድልድዩ አልፎ፣ ብዙ ቆይቶ ነው እዚያው በር ላይ የሚጥለው። ቀጭኑ መጥረጊያውን ተደግፎ ከበሩ ያየዋል። ሙሽራው ላስቲኩን እያወዛወዘ፣ ሳይቸኩል፣ አየሩን በረጅሙ እየሳበ፣ ወደ ግራ ይታጠፋል።