እህቴና ባለካፖርቱ መርማሪ

በታናሽ እህቴ የቀናሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ዲግሪዬን ይዤ ቆቦ በተመለስኩበት ዓመት ነው። ምክንያቱን ስናገር ያሳፍረኛል፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር።

አጎታችን መንገድ ዳር ፎቶኮፒ ቤት ነበረው። እህቴ ትምህርቷን ከአስረኛ ክፍል አቋርጣ እዚያ ትሠራለች። እኔ እንግሊዝኛ ተምሬ መጥቼ ሥራ እስካገኝ ከጎኗ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። አጎታችን ከወልድያ ባመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ሳያጠፋው የቀረ ጨዋታ አገኘን። ወንድሙን የገደሉበት አንድ መርማሪ ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ዝናብ በማያባራበት ጨለማ ከተማ ውስጥ ገዳዮቹን ያሳድዳል። ሰውዬውን ከጀርባው እያየነው እኛ እናስኬደዋለን፣ እኛ እንተኩስለታለን። የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት እኔ ነኝ። የሆነ ሆቴል ደረጃ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ገደሉኝ። እህቴ "እስቲ አምጪው" ብላ ማውሱን ከእጄ ወሰደች። በሦስተኛው ሙከራዋ ሰውዬው አየር ላይ በዝግታ ተንሳፍፎ ደረጃው ላይ የቆሙትን አራት ተኳሾች ጥሎ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ማውሱ ወደ እኔ አልተመለሰም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ሰውዬው በሻካራ ድምፅ ብቻውን ያወራል፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች።

"አሁን ምን አለ?" ትለኛለች።

"'ይህች ከተማ ሌት ተቀን ብትታጠብም አትጠራም' ነው የሚለው።"

"ውይ፣ ሲያሳዝን!"

ነገሩ የተበላሸው ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ነው። በገበያ ቀን፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ከሮቢትና ከጎብዬ የመጡ ገበሬዎች ፎቶ ሊነሱ ወይም ወረቀት ሊያባዙ ይገቡና ጥላውን ወደው እዚያው ይቆማሉ። አንዱ ስክሪኑን አይቶ "ይሄ ሁሉ ዝናብ ማሽላችን ላይ በወረደ!" አለ። እህቴም እየተኮሰች ታሪኩን ትነግራቸው ጀመር። እኔ የተረጎምኩላትን ይዛ የራሷን ትጨምርበታለች። በሳምንት ውስጥ መርማሪውን የራያ ሰው አደረገችው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ "ልጄ፣ እዚህ አገር አበጋር የለም? ደም የሚያደርቅ አስታራቂ?" ብለው ጠየቋት።

"ነበሩ አባባ፤ እሳቸውንም ገደሏቸው" አለች ዓይኗን ሳትነቅል።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! በይ እንግዲያስ አትማሪያቸው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"እንዲህ የሚል ነገር የለበትም" አልኩ እኔ። "ሰውዬው ያለው..."

"እስቲ ዝም በይ፣ እንስማበት" አለችኝ ፎቶዋን የምትጠብቅ ሴት። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። እንግሊዝኛውን የማውቀው እኔ፣ የሚሰሙት እሷን። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

በሳምንቱ እህቴ ዙሁር ልትሰግድ ወጣች። እሷ የደረሰችበት ቦታ የተቀመጠበትን ፋይል ፈልጌ አጠፋሁት። 

ስትመለስ ሰው እየጠበቃት ነበር። ጨዋታውን ከፈተች፤ የወር ድካሟ የለም። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ "መብራት ሲቆራረጥ ጠፍቶ ይሆናል" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ "እንግዲህ ለአዲሶቹ ስል ከመጀመሪያው ልንገራችሁ" አለች። ከበፊቱ ይልቅ አሳምራ ነገረቻቸው። በዚህኛው አበጋሩ ሁለት ሴት ልጆች ትተው ሞቱ፤ ፎቶ ልትነሳ የመጣች አሮጊት አለቀሰች።

ጨዋታውን በጨረሰች ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። መርማሪው ጎዳና መሀል ቆሞ የመጨረሻ ንግግሩን ተናገረ። እህቴ ዝም በሉ ብላ ወደ እኔ አመለከተች። እኔም ቃል በቃል፣ አንድም ሳልጨምር ተረጎምኩ። ሁሉም በትህትና ሰሙኝ። ስጨርስ አንገታቸውን ወደ እሷ መለሱና "እሺ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?" አሏት።

ያን ቀን ሱቁን ስንዘጋ አልቻልኩም፤ ነገርኳት።

"ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች ቁልፉን እያዞረች። "ያን ቀን መብራት መቼ ሄደ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሰው ፊት እንዴት ልናገርሽ? ታላቄ ነሽ እኮ።" ትንሽ እንደሄድን "ግን ተናድጄብሽ ነበር፤ ሁለት ቀን ራትሽን ያላሞቅኩልሽ ለዚያ ነው" አለችኝ። ወላሂ፣ አላስተዋልኩም ነበር።

አሁን ዋጃ አስተምራለሁ። ምንባብ ሳነብላቸው ተማሪዎቼ ያዛጋሉ። ባለፈው ቆቦ ሄጄ ከእህቴ ጋር መናኸሪያ አጠገብ ስንሄድ አንድ ገበሬ አስቆማትና "ያ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ደህና ነው?" አላት። "አግብቷል" አለችው፤ አጨብጭቦ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን "እንዴት እኔ ይህን ማለት አልመጣልኝም?" እያልኩ ነበር፤ ዋጃ እስክደርስ ድረስም ይኸው ሲከነክነኝ ሄደ።