ከአምባሰል ያመጣሁት አፈር

ባለፈው ሰኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ፋጡማ ሐይቁ ዳር ጎንበስ ብላ አፈር በማንኪያ እየዛቀች በላስቲክ ስትቋጥር አገኘኋት።

«አባ፣ አፈር ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አዲስ አንቲባዮቲክ እየፈለግን ነው» አለችኝ፤ ለእኔ አዲስ ነገር መስሏት። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት እሷ ሳትወለድ ነው።

ለውጥ ይመጣል ሲባል ጦርነት የቀደመበት ዘመን ነበር። ሰዓዳ የምትባል ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ ከአዲስ አበባ መጣች። ያለ መምህር ማንበብና መጻፍ የተማረ፣ እንግሊዝኛም የሚሞካክር ወጣት ለረዳትነት ሲፈለግ በሐይቅ ከተማ ከእኔ ሌላ ማን ነበር? የሐይቁን ዳር አፈር አብረን ሰበሰብን፤ ቀትር ላይ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። ወደ አምባሰል ልንወጣ ስንል ግን ትኩሳት ጣላት።

«ይማም ወንድሜ፣ ከገደሉ ሥር፣ ከዛፍ ጥላ አምጣልኝ። መንገዱ በጦርነቱ ሳይዘጋ ነገ መመለስ አለብኝ። ያለ አምባሰሉ አፈር ጥናቴ ጎዶሎ ነው።»

«አብሽሪ! እኔን ልከሽ የሚቀር ነገር አለ?» አልኳት።

የክረምቱ ጭቃ ለዚያን ጊዜው ጉልበቴ ምንም አልነበረም። ወጥቼ ቆፈርኩ። አፈሩ ዝናብ እንደነካው መሬት ይሸታል፤ ላዩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ሻገተ ብዬ ተናደድኩ። እርጥብ እህል ጎተራ እንደማይገባ የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። ከአንዲት አሮጊት ቤት እሳት ለምኜ፣ በቆርቆሮ እንደ ሽምብራ አመስኩት።

«ያረቢ! አፈር ቆልተህ ልትበላ ነው፣ ልጄ?» ብለው ሳቁብኝ።

«የትምህርት ነገር ነው እማማ፤ አይገባዎትም» አልኩ።

ሰዓዳ በማግስቱ አውቶቡሱ ዘንድ ተቀበለችኝ። «በዚህ ዝናብ እንዴት እንዲህ ደረቀ?»

«እኔን የሚያቅተኝ አለ?»

ጥሩንባው ተነፋ፤ ሄደች።

ከወራት በኋላ ደብዳቤዋ ደረሰኝ። ከሐይቁ አፈር ጀርም የሚገድሉ ባክቴሪያዎች አግኝታለች። «ከአምባሰሉ ግን አንድም አልበቀለም። መምህሬ አሰባሰብሽ ስህተት አለበት ብለው ጥናቱን መለሱብኝ። አፈሩን ያገኘው ነገር ካለ ጻፍልኝ፣ ወንድሜ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የምትፈልገው ሕይወት ያለውን አፈር ነበር፤ እኔ በእሳት ጨርሼዋለሁ።

ልጃቸው ግንባር ለሄደባቸው የሐይቅ እናቶች ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ በብዕሬ ያላስለቀስኩት የለም። «ቆልቼው ነበር» ብሎ መጻፍ ግን አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል መንገዱ ተዘጋ። ራሱን ያስተማረ ሰው፣ አላወቅሁም ማለት ከሌላው ሁሉ ይከብደዋል።

ለፋጡማ ይህን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እሷስ ተመረቀች?» አለችኝ።

ከማንም ሳልማር ብዙ አውቄያለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ይህን አንዱን ግን አላውቅም።