የባንቻየሁን ፀጉር ያስቆረጠው ውሸቴ

ይህን ነገር ባለቤቴ አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም። ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የጾም ጉድለቴን እናዘዛለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን ጉሮሮዬ ላይ ይዣት እመለሳለሁ። ሰው ገደልሽ ወይ ብትሉኝ አልገደልኩም። የሰው ንብረት ወሰድሽ ወይ ብትሉኝ አልወሰድኩም። የሰው ፀጉር ነው የቆረጥኩት። ፀጉር ይበቅል የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንት ዓመት ለራሴ ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። እስቲ መጀመሪያ ስሙኝ።

ስመኝ እባላለሁ፤ ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የምኖረው ከባንቻየሁ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። ባንቻየሁ የጋፋት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት አብረን ነው ያደግነው። ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ከተማው ውስጥ ልብስ ቤት ተቀጥራ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ፀጉሯን ድሬድ አድርጋ ታሳድገው ነበር። ዛሬ በከተማችን ድሬድ ያላት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ ያኔ ግን ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር። እናቷ ገበያ ሲመጡ፣ "ምነው ልጄ፣ የባሕታዊ ቁንዳላ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?" ይሏታል። እሷ ትስቅና፣ "እማ፣ እስቲ ይንኩት፤ ልስላሴውን ይዩልኝ" ትላቸዋለች። እሳቸውም ይነኩትና ወደ ገበያቸው ያልፋሉ።

ያን ፀጉር የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። የራሷን ማጅራት ማን ያያል? የኋላውን የማየው እኔ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ራሷን ጉልበቴ ላይ ታስደግፋለች። ሁሉንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፦ ሻምፖውን በውኃ አቅጥኖ ሥር ሥሩን ማሸት፣ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ማለቅለቅ፣ በፎጣ ሳይሆን በአሮጌ ካናቴራ መጭመቅ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ ውስጡ ማድረቅ። "እርጥቡን ከታሰረ ይሻግታል" ትለኝ ነበር። ሲደርቅ፣ ተልባ አፍልተን በስስ ጨርቅ ያጠለልነውን ዝልግልግ በጣቴ እየነካሁ፣ አዲስ የበቀለውን ሥር አንድ በአንድ እጠመዝዝላታለሁ። ካጠበቅሁት ያማታል፤ ካላላሁት ይፈታል። ልኩን እጄ የለመደው በእሷው ራስ ላይ ነው።

አንድ እሑድ እንዲህ ስንሠራ፣ ዓረብ አገር በገባች ሰሞን የሆነውን ነገረችኝ። ማዳሟ ቅማል ይኖርባታል ብላ መታጠቢያ ቤት አስገብታ ፀጉሯን በማሽን ላጨቻት። ባንቻየሁ ቋንቋውን ስለማታውቅ አልተከራከረችም። መሬት የወደቀውን ራሷው እንድትጠርግ ተደረገ። "ከዚያ ወዲህ መቀስ አላስነካሁትም" አለችኝ። "በገዛ ራሴ ላይ የማዝበት ይኼ ብቻ ነው።"

ይህን ነግራኛለች። አላውቅም ነበር እንዳልል አድርጋ ነግራኛለች።

በዚያው ክረምት ደሳለኝ፣ የዛሬው ባለቤቴ ማለት ነው፣ ሊያገባኝ ፈለገ። አባቱ ቄስ ናቸው። ወላጆቼ ዘንድ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት፣ ለቡሄ በዓል ወደ ከተማ ሲወጡ ከእናቱ ጋር ቤቴ ጎራ ብለው ሊያዩኝ ማሰባቸውን ነገረኝ። ደሳለኝ ከዚህ በቀር አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለ ባንቻየሁም አላነሣም። ፍርሃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቄሱ ገብተው ያንን ራስ ሲያዩ ታየኝ። "ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች" ሲሉ ጆሮዬ ላይ ሰማሁት። አያችሁ ጓደኛዬን በምን እንደመሰልኳት? በእኔ እንጂ በሌላ ሰው አፍ አልተባለም።

ለምን አልነገርኳትም? "ባንቺ፣ እንግዶቼ እስኪሄዱ እናትሽ ቤት ሰንብችልኝ" ብላት ምን ነበረበት? ማፈሬን እንድታውቅብኝ አልፈለግሁም። መልካም ጓደኛ መባሉንም፣ ንጹሕ ቤት መታየቱንም፣ ሁለቱንም ፈለግሁ።

ከቡሄ በፊት ባለው እሑድ አጠብኳት። የፊቱን እንደ ወትሮው ጥሩ አድርጌ አለቀለቅሁት። የኋላውን ግን ያለፈው ተልባ ሳይለቅ ተውኩት፤ ላዩ ላይም ጨመርኩበት። ሳይታወቀኝ አልነበረም፤ አስቤበት ነው። የተልባው ዝልግልግ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ እንደሚፈረፈር አውቅ ነበር። ሰማዩ ጨልሞ ስለዋለ ከምድጃው አጠገብ አደረቅነው። ከዚያ ሥሩን ልጠመዝዝ ስጀምር እጄን አቆምኩ።

"ባንቺ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ነጭ ነገር አለበት። የሻገተ መሰለኝ።"

እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደችና፣ "እስቲ በስልክ አንሺልኝ" አለች። አነሣሁላት። ስልኩን አቅርባ አየችው፤ አጉልታም አየችው። ያየችው ተልባ ነው። ዓይኗ ተልባ እያየ ጆሮዋ የእኔን ቃል ሰማ።

"በአቼቶ ብናጥበውስ? ይለቃል ይላሉ።"

"ከውስጥ ነው የበላው፤ አይለቅም። ወደ ቆዳሽ ሳይወርድ ነው መቆረጥ ያለበት።"

"ሁሉም?"

"የኋላው ከሄደ የፊቱ ብቻውን ምን ሊሆን?"

"እርግጠኛ ነሽ ስመኝ?"

"እያየሁት?" አልኳት።

በዚያች ቅጽበት መመለስ እችል ነበር። "ቆይ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ላለቅልቀው" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ውኃው እኮ ባልዲው ውስጥ ነበረ። አላልኩም። እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ "እንግዲያ አንቺው ቁረጪው። ሌላ ሰው አይነካውም" አለችኝ።

ቆረጥኩት። እኔ ቆረጥኩት። ድሬድ እንደ ሌላ ፀጉር በቀላሉ አይቆረጥም፤ መቀሱ እየነከሰ ነው የሚሄድ። አንዱን በቆረጥኩ ቁጥር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ትቀበለኝና ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። አላለቀሰችም። አንዱን አንሥታ አሸተተችና፣ "ሽታ ግን የለውም" አለች።

"ከውስጥ ስለሆነ ነው" አልኳት። ለዚህም መልስ ነበረኝ። ሐሰት አንዴ አፍ ካሟሸ መልስ አያጣም። ቁራጩን ሁሉ በፌስታል ሰብስባ አጥሩ ሥር ቀበረችው፤ እኔም መቆፈሪያ አቀበልኳት።

የቡሄ ለት እንግዶቼ መጡ። ባንቻየሁ ራሷን በሻሽ አስራ ጠላ ስትቀዳ፣ ድፎ ስትቆርስ፣ ከእኔ በላይ ተፍ ተፍ ስትል ዋለች። ቄሱ ስለ ዝናቡና ስለ ዘንድሮው ድንች ሲያወሩ ቆዩ። ሲወጡ ሁለታችንንም ባረኩን፤ የእሷን ራስ ልብ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ከሻሹ በታች ቁንዳላ ቢኖርስ ማን ያውቅ ነበር? ሻሽ ማሰር እንኳ ይበቃ ነበር። ይህን ያሰብኩት እነሱ ከወጡ በኋላ ነው።

አገባሁ፣ ወለድኩ። ባንቻየሁ እናቷ ሲያማቸው ልታስታምም ጋፋት ገባች፤ እሳቸው ካረፉ በኋላም እዚያው ቀረች፤ ትርንጎ የምትባል ታናሽ እህቷን ታሳድግ ነበር። ፀጉሯን ዳግም አላሳደገችም። በተገናኘን ቁጥር፣ "ያኔ ባታዪልኝ ኖሮ ራሴ ተበልቶ ነበር" እያለች ታመሰግነኛለች። በሰው ፊት ሳይቀር ታመሰግነኛለች። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

አምና ቅዳሜ ገበያ ላይ ተገናኘን። ትርንጎ አብራት አለች፤ አድጋ፣ ዘንጣ፣ ድሬዱ ትከሻዋ ላይ ደርሷል። ቤቷ ውስጥ በገዛ እጇ ነው የጀመረችው። አንዱን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትስቃለች።

"ጥሩ ጊዜ መጣሽ" አለችኝ ባንቻየሁ። "የእኔን አልሰማ ብላለች። እስቲ የእኔን ራስ ምን እንዳገኘው አንቺው ንገሪያት፤ በዓይንሽ ያየሽው አንቺ ነሽ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። "እውነት ነው እታለም? ሻግቶ ነበር?" አለችኝ።

አሁን ምን አስፈራኝ? ባል አግብቻለሁ፣ አማቼም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ የምፈራው ሰው አልነበረም። ያኔ ሰበብ ቢኖረኝ እንኳ አሁን ምንም ሰበብ የለኝም። ግን ባንቻየሁ በዚያ በሚያምን ዓይኗ እያየችኝ ነበር።

"አዎ" አልኩ። "ሻግቶ ነበር።"

የትርንጎ ሣቅ ጠፋ። እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ከሰዓት ተከትያቸው ብሄድ እደርስ ነበር። የልጆቹ ልብስ አልታጠበም አልኩ፣ መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ፤ ሁሉንም አልኩ። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ወደ ጋፋት ባጃጁ እስከሚያደርሰኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ።

ባንቻየሁ በረንዳው ላይ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። ምን እየጠረገች እንደሆነ ከሩቅ አየሁት።

"ይኸው ዛሬ ጠዋት እሺ አለችልኝ" አለችኝ። "የአንቺ ቃል ነው ያሳመናት።"

"ባንቺ" አልኩ፤ ሰላምታም አልሰጠኋት። "ያንቺ ፀጉር አልሻገተም ነበር። ነጩ ተልባ ነው። ሆነ ብዬ ነው ሳላለቀልቅ የተውኩት። የደሳለኝ አባት እንዳያዩሽ ነው።"

መጥረጊያውን አልጣለችውም። የሠራሁትን እንደገና ልደግምላት አፌን ስከፍት በእጇ አቆመችኝ።

"አፈርኩብሽ ብትይኝ ቤት እለቅልሽ ነበር እኮ" አለች፤ በዝግታ ነው ያለችው። "ምን ነበረበት? ለቅቄልሽ፣ ለሠርግሽም መጥቼ እደግስልሽ ነበር።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ለእኔስ ይሁን፤ ሆዴ አንቺን መጥላት አያውቅበትም። ለእሷ ግን ግቢና ራስሽ ንገሪያት። እኔ የአንቺን ነገር ተሸክሜ አልነግርልሽም።"

ገባሁ። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተላጨ ራሷን በመዳፏ ትዳስሳለች። ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው እስከ ትናንትናው "አዎ" ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስክወጣ ድረስ አልዞረችም።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አምና ወጣት አልነበርኩም። ፈርቼ ነው አልልም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ለእናንተ የጻፍኩትም 'እግዚአብሔር ይፍታሽ' እንድትሉኝ አይደለም፤ የመፍታት ሥልጣኑ ያላቸው የንስሐ አባቴ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድም ገና አልሄድኩም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ለደሳለኝ አነብለታለሁ፤ አባቱን ሰበብ አድርጌ የሠራሁትን ይወቅ።

ባንቻየሁ አሁንም ገበያ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቃለች፣ ከዚያ "በይ ደህና ዋይ" ብላ ታልፋለች፤ መንገድ ላይ እንዳገኘችው እንደ ማንም ሰው።