ሙጫና የቤቱ አፍንጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመንዝ አዳማ በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ አባባ ቱፋ «ሙጫ» ይሉኝ ነበር። ከጎናቸው ስለማልላቀቅ መስሎኝ ደስ ይለኛል። ጎረቤታችን ናቸው፤ የሰፈሩን የጭቃ ቤት፣ የኛንም ጭምር፣ በእጃቸው የመረጉ። ማታ ማታ ከከሰል ምድጃችን አጠገብ በርጩማ ስበው፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ ለእኔና ለትንሿ እህቴ ለሰላም ተረት ያወሩልናል።

«ጭስ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር፤ «መሄጃውን ካላሳየኸው ይከርምና ባለቤቱን ያስወጣል።» እኛ እንስቃለን።

ያኔ ሰላም ታስል ነበር። እናቴ «ነፋስ መታት» አለች፤ የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ አይፈርድባትም፣ አቧራውን ተሸክሞ ከግድግዳው በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ባለው ክፍተት እየገባ አልጋችን ላይ ይዘራው ነበር። መስኮቱማ ቀድሞ በምስማር ተመቷል። ታዲያ አባባ ቱፋ ቢሾፍቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት ሳምንት፣ ሙጫ አይደለሁ፣ አልጋው ላይ ወንበር ደርቤ ክፍተቱን ዙሪያውን በጨርቅና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቅሁት። ቤቱ ሞቀ። እናቴም መረቀችኝ።

እዚህ ላይ ላስረዳ፣ ያኔ የሚያስረዳኝ አልነበረምና። ከሰል ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ የማይታየው ይቀራል። ትኩስ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ያ ክፍተት የመራጊ ስንፍና አልነበረም፤ አባባ ቱፋ አስበው የተዉት ነው። ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ምን ሊረባኝ።

አባባ ቱፋ ሲመለሱ የሰላም ደረት ያፏጭ ነበር። ቀና ብለው አዩ።

«የቤቱን አፍንጫ ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ሙጫው!»

ጨርቁን በሁለት እጃቸው እየነጩ፣ «ሙጫ እኮ በኛ ቋንቋ ልጅ ማለት ነው» አሉ። «ልጅ ነው ያልኩህ!»

ሰላም የዚያን ዓመት ክረምት አልተሻገረችም። ሰዎች «ፊትም ደካማ ነበረች» ይሉኛል፤ ይሆናል፣ አላውቅም። አባባ ቱፋ ከዚያ ወዲያ ተረት አላወሩም፤ እኔንም በስሜ ብቻ ነው የጠሩኝ። ዛሬ በገባሁበት ቤት ሁሉ ክፍተቱን እያሳየሁ እለፈልፋለሁ፤ እሺ ይሉኝና፣ ስወጣ «ብርድ ያስገባል» ብለው ይደፍኑታል። መንገድ ላይ አንዲት እናት ልጇን «ሙጫ!» ብላ ስትጠራ ከሰማሁ ግን ሳላስበው ቀና እላለሁ። ሰማይ ነው ያለው። እኔ የማየው ያን የጠቀጠቅሁትን ጨርቅ ነው።